ዓርብ አሥራ ሦስት ክፍል 2

«ዓርብ አሥራ ሦስት ክፍል 2» (በእንግሊዝኛ ስሙ «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ ፓርት ቱ») እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ስቲቭ ማይነር፣ ደራሲው ሮን ከርዝ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1980 የታየው «ዓርብ አሥራ ሦስት» ተከታይ ሲሆን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ለሥልጠና የተሰበሰቡ ወጣቶችን ከጫካ እየወጣ አንድ በአንድ ስለሚገድል ሰው ይተርካል። ገዳዩ ጄሰን ቮርሂስ ይባላል። ጄሰን በመጀመሪያው ፊልም ሞቷል የተባለ ሕፃን ነበር፤ ጎልማሳ ገዳይ ሆኖ መጀመሪያ የታየው በዚህ ክፍል ነው።

ፊልሙ የተሠራው ወደ 1.25 ሚሊዮን ዶላር በሚሆን ወጪ ነው። ይህ በዘመኑ የሆሊውድ መለኪያ በጣም አነስተኛ ገንዘብ ነበር። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ወደ 21.7 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። የፊልም ተቺዎች በአብዛኛው ቢያወግዙትም፣ በኋላ እስከ 12 ፊልም የደረሰው ተከታታይ ሥራ መልኩን ያገኘው ከእርሱ ነው።

የፊልሙ መረጃ

ዳይሬክተር፦ ስቲቭ ማይነር
ድርሰት፦ ሮን ከርዝ (በቪክተር ሚለር ገጸ ባሕርያት ላይ ተመሥርቶ)
ዋና ተዋንያን፦ ኤሚ ስቲል፣ ጆን ፉሪ፣ አድሪያን ኪንግ
ሙዚቃ፦ ሃሪ ማንፍሬዲኒ
ካሜራ፦ ፒተር ስታይን
አከፋፋይ፦ ፓራማውንት ፒክቸርስ
የወጣበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1981 (ሚያዝያ 23 ቀን 1973 ዓ.ም.)
ርዝመት፦ 87 ደቂቃ
ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ

የፊልሙ ዘር

«ዓርብ አሥራ ሦስት ክፍል 2» በእንግሊዝኛ «ስላሸር» ከሚባለው የአስፈሪ ፊልም ዘር ይመደባል። ቃሉ በስለት መተልተልን ያመለክታል። በዚህ ዘር ፊልሞች ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ገዳይ አለ፤ ፊቱ በጭንብል ወይም በጨለማ ይሸፈናል። የሚያድናቸው ወጣቶች ከከተማና ከወላጆቻቸው ርቀው ያሉ ናቸው። መሣሪያው ጠመንጃ ሳይሆን ቢላዋ፣ ገጀራ፣ መጥረቢያ ወይም ሌላ የእጅ መሣሪያ ነው። ወጣቶቹ አንድ በአንድ ካለቁ በኋላ በመጨረሻ አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታ ገዳዩን ትጋፈጠዋለች።

የዚህ ዘር መነሻ ተደርገው ከሚጠቀሱት ፊልሞች መካከል የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» (1960)፣ የቦብ ክላርክ «ብላክ ክሪስማስ» (1974) እና የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን» (1978) ይገኛሉ። «ሃሎዊን» ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ ተሠርቶ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ሲያስገባ፣ ታዋቂ ተዋናይ ሳይኖርና ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ትርፍ ማግኘት እንደሚቻል ታየ። የመጀመሪያው «ዓርብ አሥራ ሦስት» የተጸነሰው ይህንኑ በመመልከት ነው።

የመጀመሪያው ክፍል

ተከታዩን ለመረዳት የመጀመሪያውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሳምንታት ወደ ገጠር ካምፕ ይላካሉ፤ በዚያም ዋና፣ ጀልባ መቅዘፍና ሌላ ጨዋታ እየተማሩ ይከርማሉ። የሚጠብቋቸውም ከእነርሱ ብዙም የማይበልጡ ወጣቶች ናቸው። በፊልሙ «ክሪስታል ሌክ» በሚባል ካምፕ ውስጥ ጄሰን የሚባል ሕፃን ጠባቂዎቹ ችላ ስላሉት ሐይቅ ውስጥ ሰጥሟል ይባላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ካምፑ እንደገና ሊከፈት ሲል ሠራተኞቹ መገደል ይጀምራሉ። በመጨረሻ ገዳይዋ የሕፃኑ እናት ፓሜላ ቮርሂስ መሆኗ ይታወቃል። ከሞት የተረፈችው አሊስ የእናትየውን አንገት በገጀራ ቀልታ ታመልጣለች።

የዚህ ፊልም ዳይሬክተርና ፕሮዲውሰር ሾን ካኒንግሃም፣ ደራሲው ቪክተር ሚለር ነበር። ወጪው 550,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ፓራማውንት አከፋፍሎት በአሜሪካ ብቻ ወደ 39.7 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። እንዲህ ያለ ትርፍ ከተገኘ በኋላ ተከታይ መሠራቱ አይቀሬ ሆነ።

ታሪኩ

ፊልሙ የሚጀምረው ከመጀመሪያው እልቂት ሁለት ወር በኋላ ነው። የተረፈችው አሊስ ብቻዋን ትኖራለች፤ ሌሊት በቅዠት ትሠቃያለች። አንድ ማታ ፍሪጇን ስትከፍት የወይዘሮ ቮርሂስን የተቆረጠ ራስ ታገኛለች። ወዲያው ከኋላዋ የመጣ ሰው በበረዶ መብሻ ወግቶ ይገድላታል። የቀድሞው ፊልም ባለታሪክ ገና ከጅምሩ መሞቷ ተመልካቹ «እርሷ ትተርፋለች» ብሎ እንዳይተማመን ያደርገዋል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ፖል ሆልት የሚባል ወጣት ከተዘጋው ክሪስታል ሌክ አጠገብ የካምፕ ጠባቂዎች ማሠልጠኛ ይከፍታል። ሠልጣኞቹ ይሰበሰባሉ። በመጀመሪያው ፊልም «ሁላችሁም ታልቃላችሁ» እያለ ሲያስጠነቅቅ የነበረው ራልፍ አሁንም ይመጣል፤ አሁንም የሚሰማው የለም። ማታ እሳት ከበው ሲቀመጡ ፖል የጄሰንን ተረት ይነግራቸዋል። ተረቱ እንደሚለው ልጁ አልሰጠመም፤ በጫካ ውስጥ እንደ አውሬ አድጎ የእናቱን መገደል በዓይኑ አይቷል፤ አሁንም በቀሏን ይመልሳል። ወጣቶቹ ይደነግጣሉ፤ ኋላም ይሳሳቃሉ። ተረቱ ግን እውነት ነው።

በዚያው ሌሊት ራልፍ ከዛፍ ሥር ቆሞ በሽቦ ታንቆ ይሞታል። በማግስቱ ወደ ተከለከለው ካምፕ የገቡ ሁለት ሠልጣኞችን ይዞ የመለሰ ፖሊስ፣ ጫካ ውስጥ ሲሮጥ ያየውን ሰው ተከትሎ አንድ ጎጆ ይደርሳል፤ እዚያም በመዶሻ ይገደላል። ማታ ፖል፣ ረዳቱ ጂኒና ሌሎቹ ወደ ከተማ ለመዝናናት ሲወርዱ ስድስት ወጣቶች በካምፑ ይቀራሉ። ስኮት የገመድ ወጥመድ ይይዘውና ቁልቁል እንደተንጠለጠለ አንገቱ ይቆረጣል፤ እርሱን ልትፈታ የተመለሰችው ቴሪም አትተርፍም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ማርክ ፊቱን በገጀራ ይመታል። ጄፍና ሳንድራ በተኙበት በአንድ ጦር ይወጋሉ። ቪኪ በቢላዋ ትሞታለች።

በከተማው መጠጥ ቤት ደግሞ ጂኒ ስለ ጄሰን ታስባለች። የሕፃናት ሥነ ልቦና ተማሪ በመሆኗ ነገሩን እንደ ሌሎቹ በሳቅ አታልፈውም። ልጁ በእውነት ተርፎ ከሆነ፣ ከእናቱ በቀር ወዳጅ የማያውቅ፣ ሞትን በቅጡ የማይረዳ፣ በትልቅ ሰው አካል ውስጥ ያለ ሕፃን ይሆናል ትላለች። ጓደኞቿ ይስቁባታል።

ጂኒና ፖል ሲመለሱ ቤቱ ጨለማ ነው። ጄሰን ፖልን ያጠቃል፤ ጂኒ ትሸሻለች። ማሳደዱ በክፍሎች፣ በመኪና ውስጥና በጫካ ረዥም ጊዜ ይቀጥላል። በመጨረሻ ጂኒ የጄሰን ጎጆ ትደርሳለች። በውስጡም ሻማ የተከበበ መሠዊያ መሰል ቦታ ላይ የእናቱን ራስና ሹራቧን፣ ዙሪያውንም የተገደሉ ሰዎችን ሬሳ ታያለች። ጄሰን በሩን ሲሰብር ጂኒ የእናትየውን ሹራብ ለብሳ፣ እንደ እናት ቆጣ ብላ ታዝዘዋለች። ጄሰን ግራ ተጋብቶ ይንበረከካል። ጂኒ ገጀራውን ስታነሣ ግን የእናቱ ራስ ከኋላዋ ይታየውና ማታለሏ ይነቃበታል። ፖል ደርሶ ሲታገለው ጂኒ ገጀራውን በጄሰን ትከሻ ላይ ታሳርፋለች።

ሁለቱ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ በር ላይ ድምፅ ይሰማል። ሲከፍቱ የጠፋችው ትንሽ ውሻ ናት። እፎይ ባሉበት ቅጽበት ጄሰን ጭንብሉን አውልቆ በመስኮት ዘሎ ይገባና ጂኒን ይይዛታል። በሚቀጥለው ትዕይንት ጠዋት ሆኖ ጂኒ ወደ አምቡላንስ ስትወሰድ ትታያለች፤ «ፖል የት አለ?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልስ አታገኝም። የመጨረሻው ምስል በጎጆው ውስጥ የቀረው የእናትየው ራስ ነው።

ተዋንያን

ኤሚ ስቲል ጂኒን፣ ጆን ፉሪ ፖልን ሆነው ተውነዋል። አድሪያን ኪንግ አሊስን፣ ዎልት ጎርኒ ራልፍን፣ ቤትሲ ፓልመር ወይዘሮ ቮርሂስን ሆነው ከመጀመሪያው ፊልም ተመልሰዋል። ከሠልጣኞቹ መካከል ቢል ራንዶልፍ ጄፍን፣ ማርታ ኮበር ሳንድራን፣ ቶም ማክብራይድ ማርክን፣ ሎረን-ማሪ ቴይለር ቪኪን፣ ከርስተን ቤከር ቴሪን፣ ራስል ቶድ ስኮትን፣ ስቱ ቻርኖ ቴድን ተጫውተዋል።

የጄሰን ተዋናይ ማን ነው?

በስም ዝርዝሩ ላይ ጄሰን ሆኖ የተጻፈው ዋሪንግተን ጊሌት ነው። ነገር ግን አብዛኛውን የጄሰን ክፍል የሠራው የስታንት ባለሙያው ስቲቭ ዳስኬዊትዝ ነው። ጊሌት አደገኛ እንቅስቃሴ የሚጠይቁትን ክፍሎች መሥራት አስቸግሮት ስለነበር ዳስኬዊትዝ ተተካ፤ ጆንያ አጥልቆ የሚያሳድደው፣ የሚወድቀውና የሚመታው በአብዛኛው እርሱ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ፊቱ ተገልጦ በመስኮት የሚገባው ግን ጊሌት ነው። ዳስኬዊትዝ በስም ዝርዝሩ የተጠቀሰው በስታንት ሠራተኛነት ብቻ ስለሆነ፣ «ጄሰን ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ በፊልሙ ወዳጆች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። በመክፈቻው ላይ መንገድ ሲያቋርጥ የሚታየው እግር ደግሞ የሁለቱም አይደለም፤ የአልባሳት ባለሙያዋ የኤለን ለተር ነው።

ሥራው አደጋ ያልተለየው ነበር። ጂኒ ገጀራ ስትሰነዝር ዳስኬዊትዝ በያዘው ዶማ መመከት ነበረበት። በአንዱ ቀረጻ ላይ ጊዜው ሳይገጥም ቀርቶ ገጀራው ጣቱን መታው፤ ሆስፒታል ሄዶ ከተሰፋለት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሠራር

ከመጀመሪያው ፊልም በኋላ ምን ዓይነት ተከታይ ይሠራ የሚለው ወዲያው አልተወሰነም። አንዱ ሐሳብ «ዓርብ አሥራ ሦስት» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ በየጊዜው እርስ በርስ የማይገናኙ አስፈሪ ታሪኮችን ማውጣት ነበር። ከገንዘብ አቅራቢዎቹ አንዱ የነበረው ፊል ስኩደሪ ግን ጄሰን መመለስ አለበት ብሎ ጸና። ካኒንግሃም ዳይሬክተር ሆኖ መመለስ ስላልፈለገ፣ በመጀመሪያው ፊልም አብሮት የሠራው ስቲቭ ማይነር ቦታውን ያዘ። ለማይነር ይህ የመጀመሪያው የዳይሬክተርነት ሥራ ነበር።

የጄሰን መመለስ በታሪኩ ላይ ትልቅ ክፍተት ፈጥሯል። የመጀመሪያው ፊልም ሙሉ በሙሉ የተመሠረተው በአንድ እናት ሐዘን ላይ ነው፤ ልጇ ከሞተባት ትበቀላለች። ልጁ በሕይወት ከነበረ ግን ለምን ወደ እናቱ አልሄደም? እናቱስ ስለ ምን ገደለች? ይህን ጥያቄ ከጠየቁት አንዱ የመጀመሪያውን ፊልም የሜካፕ ትርኢት ያዘጋጀው ቶም ሳቪኒ ነው። የጄሰን በሕይወት መኖር ስላልተዋጠለት ተከታዩን አልሠራም፤ በዚያው ዓመት ወደ ወጣው «ዘ በርኒንግ» ወደተባለ ሌላ የካምፕ ፊልም ሄደ። የእርሱን ቦታ ካርል ፉለርተን ተካው።

ቀረጻው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1980 መጸው፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ በኮነቲከት ግዛት ገጠር ነው። ታሪኩ የበጋ ወራት ታሪክ ሆኖ ሳለ አየሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ተዋንያኑ ግን ቀለል ባለ ልብስ መሥራት ነበረባቸው።

ጄሰን ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው በበረዶ ሆኪ ጭንብል ነው። በዚህ ፊልም ግን ጭንብሉ የለም፤ አንድ ዓይን ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ያለው ጆንያ አጥልቋል። ይህ አለባበስ እ.ኤ.አ. በ1976 ከወጣው «ዘ ታውን ዛት ድሬድድ ሰንዳውን» ፊልም ገዳይ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር ይነጻጸራል። የሆኪ ጭንብሉ የመጣው በሦስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

ሁለት ግድያዎች፣ ማለትም ሁለት ሰዎችን በአንድ ጦር መውጋትና ፊትን በገጀራ መምታት፣ ጣሊያናዊው ማሪዮ ባቫ እ.ኤ.አ. በ1971 በሠራው «የደም ወሽመጥ» በተባለ ፊልም ውስጥ ካሉት ጋር እጅግ ይመሳሰላሉ። ተቺዎች ይህን እንደ ቅጂ ያዩታል።

ድምፅና ካሜራ

በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠራ አስፈሪ ፊልም ማሳየት የማይችለውን በድምፅ ይሞላል። ሃሪ ማንፍሬዲኒ የሠራው «ኪ ኪ ኪ፣ ማ ማ ማ» የሚል የሹክሹክታ ድምፅ ገዳዩ በቅርብ መኖሩን ያመለክታል። ድምፁ የተወሰደው «ኪል» (ግደል) እና «ማሚ» (እማዬ) ከሚሉት ቃላት መነሻ ነው። እናትየው በመጀመሪያው ፊልም በልጇ ድምፅ «ግደያት፣ እማዬ» እያለች ታወራ ስለነበር፣ ድምፁ የእናትና ልጁን ታሪክ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይዞ ይሻገራል።

ካሜራው ብዙ ጊዜ በገዳዩ ዓይን ያያል። ከቅጠል ጀርባ ሆኖ ይመለከታል፤ ሰዎቹ ሲራመዱ አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ እንዲህ የሚያየው ገዳዩ ሳይሆን ተራ ሰው ሆኖ ይገኛል። ተመልካቹ መቼ መፍራት እንዳለበት ስለማያውቅ ሁልጊዜ ይሰጋል። የመጨረሻው የውሻዋ ትዕይንትም የቆመው በዚህ ስልት ላይ ነው።

ሳንሱርና የተቆረጡ ክፍሎች

በአሜሪካ ፊልሞች ለየትኛው ዕድሜ እንደሚፈቀዱ የሚወስነው የፊልም ኢንዱስትሪው የራሱ ማኅበር ነው። ከባድ ደረጃ የተሰጠው ፊልም በብዙ ሲኒማ ቤቶች ስለማይታይ፣ ሠሪዎቹ ደረጃው እንዲቀልላቸው ራሳቸው ይቆርጣሉ። ከ«ዓርብ አሥራ ሦስት ክፍል 2» ወደ 48 ሰከንድ የሚሆን ምስል ተቆርጧል። በጣም የተጎዳው የጄፍና የሳንድራ ግድያ ነው፤ በመጨረሻው ቅጂ ላይ በጨረፍታ ብቻ ይታያል። የተቆረጡት ምስሎች ለአሥርት ዓመታት ጠፍተዋል ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የተከታታይ ፊልሞቹ ጥቅል ውስጥ ከአሮጌ የቪዲዮ ካሴት ተገልብጠው ቀርበዋል።

አቀባበልና ክርክር

ፊልሙ ሲወጣ ተቺዎች በአብዛኛው አልወደዱትም። የቺካጎው ተቺ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ግማሽ ብቻ ሰጠው። ባልደረባው ጂን ሲስከል የመጀመሪያውን ፊልም አጥብቆ ከመጥላቱ የተነሣ፣ አንባቢዎች ቅሬታ እንዲጽፉለት የፓራማውንት ባለቤት የሆነውን ድርጅት ሊቀ መንበር አድራሻ በጋዜጣ አውጥቶ ነበር። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1980 በቴሌቪዥን ዝግጅታቸው ላይ እንዲህ ያሉ ፊልሞች በሴቶች ላይ የሚፈጸም ግፍን መዝናኛ ያደርጋሉ፤ ካሜራውም ተመልካቹን ከተጠቂዋ ሳይሆን ከገዳዩ ጋር ያሰልፈዋል ሲሉ ተከራክረዋል።

ክርክሩ በዚያ አላበቃም። የሥነ ጽሑፍና የፊልም ምሁር ካሮል ክሎቨር እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ጥናት፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመው መጽሐፏ፣ «የመጨረሻዋ ልጅ» የሚለውን ስያሜ አስተዋወቀች። እንደ ክሎቨር ማብራሪያ ተመልካቹ በመጀመሪያ በገዳዩ ዓይን ቢያይም፣ ፊልሙ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ከተረፈችው ልጅ ጋር ይሆናል፤ ወንድ ተመልካቾችም ጭምር በሴቷ ፍርሃትና ትግል ውስጥ ራሳቸውን ያያሉ።

ጂኒ ለዚህ ዓይነት ባለታሪክ ጥሩ ምሳሌ ተደርጋ ትጠቀሳለች። የምታመልጠው በጉልበት ወይም በዕድል ብቻ አይደለም፤ ያጠናችውን ነገር ተጠቅማ የገዳዩን ስሜት ስለተረዳች ነው። በመጠጥ ቤት ስታወራ የሳቁባት ሐሳብ በኋላ ሕይወቷን ያተርፍላታል። ፊልሙን የማይወዱ ጸሐፊዎች እንኳ የኤሚ ስቲልን ትወና ለይተው የሚያመሰግኑት ለዚህ ነው።

የአድሪያን ኪንግ ጉዳይ

በፊልሙ መክፈቻ ላይ የሚታየው ፍርሃት ለተዋናይቱ ከትወና ያለፈ ነበር። አድሪያን ኪንግ ከመጀመሪያው ፊልም በኋላ ስሟ ሲታወቅ አንድ በእርሷ የተለከፈ ተመልካች ይከታተላትና ያስጨንቃት ጀመር። በተከታዩ ፊልም ክፍሏ አጭር እንዲሆን የፈለገችውም በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ከካሜራ ፊት ለረጅም ዓመታት ርቃ፣ ፊቷ በማይታይበት የድምፅ ሥራ ላይ ተሰማርታለች። ገጸ ባሕርይዋ አሊስ ከእልቂቱ ተርፋ ብቻዋን በቤቷ ስትፈራ የሚታይበት ትዕይንት በተለየ ስሜት የሚታየውም ከዚህ የተነሣ ነው። ኪንግ በኋላ ዘመን ወደ ትወናና ከፊልሙ ወዳጆች ጋር ወደ መገናኘት ተመልሳለች።

ስለ ስሙ፦ ዓርብ እና 13

በምዕራቡ ዓለም የወሩ 13ኛ ቀን ዓርብ ላይ ሲውል ገደ ቢስ ነው የሚል እምነት አለ። እምነቱን ብዙዎች በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ከተቀመጡት 13 ሰዎችና በዓርብ ከሆነው ስቅለት ጋር ያያይዙታል። በኢትዮጵያ ዓርብ በዚሁ ስቅለት ምክንያት የጾም ቀን ነው እንጂ የገደ ቢስነት ቀን አይደለም። ቁጥሩም ቢሆን ክፉ ስም የለውም፤ ወር በገባ በ13 የእግዚአብሔር አብ መታሰቢያ ነው፤ ዓመቱም ራሱ 13 ወር አለው።

ቀኖቹም አይገጥሙም። ለምሳሌ የፈረንጆቹ ጁን 13 በኢትዮጵያ ሰኔ 6 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 12ቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ስላላቸው፣ የወሩ 13ኛ ቀን በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን እየገፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ዓርብ ላይ ይውላል። የመጀመሪያው ፊልም የወጣበት ሜይ 9 ቀን 1980 ዓርብ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ግንቦት 1 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ የልደታ ዕለት ነበር። ሁለተኛው ክፍልም በዓርብ ነው የወጣው፤ 13ኛ ቀን ግን በየትኛውም አቆጣጠር አልነበረም።

ተከታዮቹና የባለቤትነት ክርክር

ስቲቭ ማይነር ሦስተኛውንም ክፍል እ.ኤ.አ. በ1982 ዳይሬክት አድርጓል። ኤሚ ስቲል እንድትመለስ ተጠይቃ አልተቀበለችም። እ.ኤ.አ. በ1984 «የመጨረሻው ምዕራፍ» የሚል ፊልም ቢወጣም መጨረሻ አልሆነም። ጄሰን ከሌላው የአስፈሪ ፊልም ገጸ ባሕርይ ከፍሬዲ ክሩገር ጋር የተጋጠመበትን የ2003 ፊልምና የ2009ን አዲስ ቅጂ ጨምሮ ቁጥራቸው 12 ደርሷል።

ሁለተኛው ክፍል በሕግ ጉዳይም ስሙ ይነሣል። የመጀመሪያው ፊልም ደራሲ ቪክተር ሚለር በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ድርሰቱን ለማስመለስ ሲጠይቅ፣ ፕሮዲውሰሮቹ ሚለር ተቀጣሪ ሆኖ የጻፈው ስለሆነ መብቱ የእኛ ነው ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ለሚለር ፈረደ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2021 ውሳኔውን አጸና። ሚለር የጻፈው ጄሰን ግን በሐይቅ የሰጠመው ሕፃን ነው። ጎልማሳው ገዳይ የተፈጠረው በሁለተኛው ክፍል፣ ጭንብሉ የመጣው በሦስተኛው ነው። ፍርዱ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ድርሰት በመሆኑ፣ ሕዝብ የሚያውቀው ጄሰን የማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚህ ሙግት አልተቋጨም። የልጁ ስምና የእናቱ ታሪክ በአንድ ወገን፣ ያደገው ሰውዬ በሌላ ወገን ሆነው መቅረታቸው ለአዳዲስ ፊልሞች ሥራ እንቅፋት ሆኖ ቆይቷል።